ዶክተር ያደረገኝ ሲም ካርድ

በስድስት ኪሎ ዶክተር መባል ከባድ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲው ዋና በር አጠገብ የተቀመጠው ሊስትሮ መነጽር ያደረገውን ሁሉ «ዶክተር፣ ጫማ ይጠረግ?» ይላል፤ ነጠላ ጫማ ያደረገውንም አይምርም። የሽሮ ሜዳ ታክሲ ረዳትም ያው ነው። መልሱን የሚጠይቀውን ተሳፋሪ «ዶክተርዬ፣ ትንሽ ታገሰኝ» እያለ መውረጃው ድረስ ያደርሰዋል። እኔም ጸጉሬ ከሸበተ ወዲህ ማዕረጉን ሳልለፋበት ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ «ዶክተር፣ ዘጠኝ ቁጥር ከማታ ጀምሮ ሽንት አልሸኑም» መባልን ነው።

ነገሩ የጀመረው በሌባ ነው። ታክሲያችን የሰማዕታቱን ሐውልት ዞሮ ሊወጣ ሲል በመስኮት የገባ እጅ ስልኬን ከጆሮዬ ላይ መንጭቆ ወደ አንበሳ ግቢ አቅጣጫ ተሰወረ። እኔ ገና «ሄሎ» እያልኩ ነበር። ስልኩ ይቅር፤ ቁጥሩ ግን የተመዘገበው ካናዳ በሄደው ወንድሜ መታወቂያ ኖሯል። ማስመለስ ከተፈለገ ባለቤቱ ራሱ መቅረብ አለበት ተባልኩ። ወንድሜ ለእህታችን ሠርግ ያልመጣ ሰው ነው፤ ለሲም ካርድ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። አዲስ ገዛሁ። ሻጯ ከዘረገፈቻቸው ቁጥሮች መካከል መጨረሻው ለአፍ የሚቀለውን መረጥኩ። የሚያምር ቁጥር እስካሁን ማንም ሳይነካው እኔን ሲጠብቅ እንዳልቆየ ማን ነገረኝ?

ቤት ገብቼ ቴሌግራም ጫንኩ፣ ቁጥሬን ሞላሁ፣ የመጣልኝን ኮድ አስገባሁ። ባዶ ገጽ ስጠብቅ የሰው ቤት ተከፈተልኝ። ነጭ ጋውን የለበሰች፣ አንገቷ ላይ ማዳመጫ ያንጠለጠለች ቆንጆ ልጅ ፈገግ ብላ ታየኛለች። ከሥሯ የእኔ ስልክ ቁጥር አለ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ ከበቂ በላይ ሰው አይቶላታል።

እንዲህ የሚሆንበትን ምክንያት በኋላ አንድ የሰፈራችን የኮምፒውተር ልጅ አስረዳኝ። ለተወሰነ ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተመልሶ መሸጡ በየአገሩ ያለ አሠራር ነው። ቴሌግራም ደግሞ ሰውን የሚያውቀው በስልክ ቁጥሩ ነው። ተራው መልእክት የሚቀመጠው በስልካችን ላይ ብቻ ሳይሆን በኩባንያው ማከማቻ ውስጥ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ካላደረገበት፣ ኮዱ የደረሰው ሰው ሁሉ ሙሉውን ይረከባል። ዋትስአፕ ቢሆን መልእክቱ የሚቀመጠው ስልኩ ላይ ስለሆነ አዲስ ገቢው የድሮውን ወሬ አያገኝም ነበር። በአዲስ አበባ ግን ተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ ሐኪሙም ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። የሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍ ቢልኩበት ይቀበላላ!

የግሩፑ ብዛት ለጉድ ነው። «ኢንተርን ኦል»፣ «ሜዲስን ዋርድ»፣ «ሰርጀሪ ዲውቲ»፣ «ፔዲ»፣ «ጋይኒ ሌሊት»፣ «ደም ፈላጊ»፣ «የጋውን ብር»። «ኢንተርን ያለ ቺፍ» የሚባልም አለ። የተቋቋመው «ኢንተርን ኦል» ውስጥ ቺፍ ሬዚደንቱ፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩት ሐኪሞች አለቃ፣ ስላለ እርሱን እንደ ልብ ለማማት ነው። እንደደረስኩበት ከሆነ ቺፉ በሌላ ስም እዚያኛውም ውስጥ አለ።

ለማያውቅ አንባቢ፦ ኢንተርን ማለት የሕክምና ተማሪነቱን ሊጨርስ የመጨረሻውን ዓመት በሆስፒታል ውስጥ የሚያሳልፍ ልጅ ነው። ሁሉም «ዶክተር» ይለዋል፤ ገና አልተመረቀም። ከውስጥ ደዌ ወደ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ወደ ሕፃናት፣ ከዚያ ወደ ማሕፀንና ጽንስ ይዞራል። ደም ቀድቶ ላብራቶሪ ያደርሳል፣ የጠፋ ካርድ ይፈልጋል፣ አስታማሚ ያረጋጋል፣ ራውንድ ላይ ይቆጡታል። ወደ አዲስ ክፍል በተዛወረ ቁጥር አዲስ ግሩፕ ውስጥ ይገባል። ከቀድሞው ግን አይወጣም። ማስገባት የሁሉም ሥራ ነው፤ ማስወጣት የማንም ሥራ አይደለም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ሆስፒታሉ የትኛው እንደሆነ የሰፈሬ ሰዎች ሊያወጣጡኝ ሞክረዋል። የካቲት 12 ነው ብለው የተወራረዱም አሉ፤ አይደለም። እርሱን የምናውቀው ከነታሪኩ ነው። ራስ ተፈሪ ሲያቋቁሙት ቤተ ሳይዳ ይባል ነበር፤ ከዚያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆነ፤ ከአብዮቱ በኋላ በየካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ወታደሮች ለታረዱት መታሰቢያ የዛሬ ስሙን አገኘ። በዚህ በኩል ወረድ ሲሉ ምኒልክ አለ፤ ከዓድዋ ማግስት በ1888 የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች የጀመሩትን ተከትሎ የቆመ። እርሱም አይደለም። የእኔዎቹ ልጆች ያሉበት ሌላ ነው፤ ሁለት ታክሲ ይይዛል። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ወዲያው መውጣት ነበር። ግን በገዛ ቁጥሬ ከወጣሁ ተመልሼ የምገባውም እዚያው ነው፤ ቁጥሩ እርሷ ነቻ። ስለዚህ ለልጆቹ ልናገር ብዬ «ኢንተርን ኦል» ላይ በጨዋ አማርኛ ጻፍኩ፦ «እባካችሁ፣ ይህ ስልክ የሌላ ሰው ሆኗል። እኔ ዶክተር አይደለሁም።» አንዱ «እኛስ መች ሆንን?» አለ። ሌሎቹ በሳቅ ፊት አጅበው አሳለፉት። ወዲያው ስለ ጋውን ብር ክርክር ተነሣና መልእክቴ በመቶ ምናምን መልእክት ሥር ተቀበረ። ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለ፣ ልብስ ሰፊው ለምን ኪስ ረሳ። እኔ የሰው ጽሑፍ በማረም የምተዳደር ሰው ነኝ። ያን ክርክር ሳነብ እጄ ቀይ እስክሪብቶ ፈልጓል።

በዚህ መሐል ነው ያቺ ሌሊት የመጣችው።

ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። አንዷ የልብ ምት የተነበበበትን ወረቀት፣ ኢሲጂ የሚሉትን፣ ፎቶ አንሥታ ላከች። የእጇ ጥላ ወረቀቱ ላይ አርፏል፤ ጥግ ላይ ግማሽ የተጠጣ ሻይ ይታያል። «የኩላሊት ታካሚ ናቸው፤ ዲያሊሲስ አምልጧቸዋል፤ በጣም ደክመዋል። የነቃ ሲኒየር ካለ በማርያም» ይላል። እኔ ነቅቻለሁ፤ ግን ምን ሊረባ? ትንሽ ቆይቶ አንድ ሬዚደንት ከቤቱ መለሰ።

«ቲ ዌቩ ሾሏል። ፖታሲየም ልከሻል?»

«ልኬያለሁ፤ ውጤት አልደረሰም።»

«አትጠብቂ። ካልሲየም ግሉኮኔት ስጪ፤ ቀስ እያልሽ። ሞኒተር ላይ ይሁኑ። ኢንሱሊንና ግሉኮስ አዘጋጂ። እየመጣሁ ነው።»

«ካልሲየም ዋርዱ ውስጥ አልቋል!»

ሌላዋ ከማዋለጃ ክፍል ጣልቃ ገባች። «እኛ ጋ አለ፤ ይዤ እየወረድኩ ነው፤ ደረጃው ላይ ጠብቂኝ።»

ከዚያ ዝም አሉ። እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ባለቤቴ «ማነው በዚህ ሰዓት?» ትላለች፤ «ኩላሊት» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? ፖታሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ኩላሊት ሳያስወግደው ደም ውስጥ ሲጠራቀም ልብን ድንገት እንደሚያቆም ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። የማውቀው ሰዎቹ መጻፍ ማቆማቸውን ብቻ ነው። ሊነጋጋ ሲል ያች የመጀመሪያዋ ተመለሰች። «ላብራቶሪው ደረሰ። ፖታሲየሙ 7.8 ነው።» ሬዚደንቱ፦ «ነበር በይ። አሁን ሻይሽን ጨርሺ።»

ስለ ሐኪሞችና ስለ ስልክ ብዙ ሲወገዝ እሰማለሁ፤ አውጋዡ ያቺን ሌሊት ቢያይ ደስ ይለኛል። በሆስፒታሉ ሕግ መሠረት ቢሄድ ኖሮ ማን ማንን ቀስቅሶ፣ በየትኛው ስልክ ጠርቶ፣ መድኃኒቱ የት እንዳለ ጠይቆ ይደርሳል? በሰፈራችን ካፌ የማገኛቸው ጋሼ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው። በክፍለ ሀገር ሲሠሩ ተረኛ ሐኪም የሚጠራው ብጣሽ ወረቀት በያዘ ተላላኪ ነበር፤ ክረምት ሲሆን ወረቀቱ ርሶ ይደርሳል። «አንድ ጊዜ ‹ቶሎ› የምትለዋ ቃል ብቻ ተርፋ ደርሳ ነበር» አሉኝ። «ሐኪሙ መጣ?» ስላቸው «መጣማ፤ የት እንደሚሄድ ነው ያላወቀው» አሉ።

ስለዚህ ግሩፑን ወድጄው ነበር ብል አልዋሽም። የጠላሁት በአንድ ፎቶ ነው።

ማለዳ ላይ ነው፤ ቡና እየተፈላ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ በራ። አንዱ የታካሚ ካርድ ገጽ ፎቶ አንሥቶ «ይህን የመድኃኒት መጠን አረጋግጡልኝ» ብሎ ልኳል። መጠኑ ከታች ነው። ከላይ ስም ከነአያት፣ ዕድሜ፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ ስልክ ቁጥር። ወረዳው የእኛ ነው። ስልኩን የማውቀው በቃሌ ነው፤ እንጀራ ባለቀብን ቁጥር የምንደውልበት። እትዬ እንጀራ ናቸው። ከሥሩ የበሽታው ስም ተጽፏል። ምን እንደሆነ ለባለቤቴም አልነገርኳት፤ እዚህም አልጽፈውም። እትዬ ራሳቸው ለልጆቻቸው እንዳልነገሩ ግን ገምቻለሁ።

ስልኩን ገለበጥኩት። ምን ዋጋ አለው? አንዴ ያዩትን መልሶ አለማየት የለም። በማግሥቱ እትዬ እንጀራውን ተሸክመው ሲመጡ ከበር ሮጬ ተቀበልኳቸው። «አይሸከሙ፤ እኔ እመጣ ነበር። እንዴት ነዎት? ደህና ነዎት? ደህና አደሩ? እንቅልፍ ይተኛሉ?» እትዬ መሶቡን አስቀምጠው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ለዓመታት «ስንት እንጀራ ነው?» ከማለት በቀር ያልጠየቅኳቸው ሰው ነኝ።

«ምነው ዛሬ እንዲህ ጠየቁኝ፣ ጋሼ?» አሉኝ። «ሰው ምን አለዎት?»

«ኧረ ምንም!» አልኩ። ድምፄ የሌባ ድምፅ ነበር። ከዚያ በኋላ እንጀራውን በልጃቸው ነው የሚልኩት። ምንም አላደረግኳቸውም፤ ምንም አላደረጉኝም፤ ግን በመካከላችን አንድ ነገር ተበላሸ። ያን ፎቶ የላከው ልጅ ይህን መቼም አያውቅም። መጠኑን አረጋገጡለት፣ አመሰገነ፣ አለፈ። ታካሚን ለመርዳት ነው ያደረገው፤ ረድቷልም።

ደግሞ ዲውቲ፣ ተረኝነት የሚሉት፣ አለ። አንድ ቀን በግል መልእክት እንዲህ መጣልኝ፦ «ውዴ፣ ተመለስሽ እንዴ! ኦንላይን አየሁሽ። ቅዳሜ የእህቴ ሽምግልና ነው፤ ዲውቲዬን ያዢልኝ፣ በሞቴ።» እኔም «ተሳስተዋል እመቤቴ፤ እኔ የስድስት ኪሎ ነዋሪ የሆንኩ ጎልማሳ ሰው ነኝ» ብዬ መለስኩ። «ቀልድሽ አልጠፋም! እሺ አልሽ ማለት ነው፤ ስወድሽ!» አለችና ጠፋች። ዓርብ ማታ የተስተካከለው የተረኞች ዝርዝር ወጣ። ቅዳሜ ሌሊት፣ ሜዲስን ዋርድ፣ የእኔ ተራ ነው። ማለቴ የእርሷ። ብጽፍ አያምኑኝም፤ ብደውል «ዲውቲ ላይ ነን» እያሉ አያነሡም። አንድ ዋርድ ሙሉ ሕመምተኛ እኔን እየጠበቀ ሊያድር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታክሲ ያዝኩ።

የበሩ ጥበቃ «የማን ጠያቂ ነዎት?» አለኝ።

«ጠያቂ አይደለሁም፤ ዛሬ ማታ ተረኛ የተባልኩት እኔ ነኝ።»

ሽበቴን አየ፤ ጫማዬን አየ። «አባት፣ ካርድ አውጥተዋል?» ብሎ ወደ ካርድ ክፍል መራኝ። ተሰለፍኩ። ከሰልፉ ወጥቼ ላስረዳ ብል ከኋላዬ ያሉት «ተራ ይጠበቅ!» ብለው ጮኹብኝ። ደረሰኝና ካርድ አውጪዋ ስሜን፣ ዕድሜዬን መዝግባ ወደ ነርሷ ላከችኝ። የሆነው ሁሉ የሆነው በሥርዓቱ ነው።

«ምንዎትን ነው የሚያምዎት?» አለች ነርሷ።

«ምንም አላመመኝም። ስልኬ ዶክተር ነህ ይለኛል።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህ ነገር ከጀመረዎት ምን ያህል ጊዜ ሆነ?»

«ከገዛሁት ጀምሮ ነው።»

«እንቅልፍስ እንዴት ነው?»

«የለም። ሌሊት ሌሊት ይጠሩኛል።»

«እነማን?»

«ኢንተርኖቹ።»

መጻፍ ጀመረች፤ ደጋግማ አሰመረችበት። «አብሮዎት የመጣ ቤተሰብ አለ?» ስትለኝ ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ገባኝና ስልኬን አውጥቼ ዘረጋሁላት። አየች፣ አፏን ያዘች፣ ከወንበሯ ተነሥታ ወደ ኮሪደሩ «ልጆች! ኑ እስቲ!» አለች። ከጋውን ብር ክርክር የማውቃቸው ሁሉ መጡ። ልብስ ሰፊው ኪስ የረሳበትን ጋውን የለበሰውን በዓይኔ አየሁት። ቺፍ ሬዚደንቱም ተጠራ፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ፣ ትሑት ልጅ ነው። ስልኩን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አየና በረጅሙ ተነፈሰ።

«አባባ፣ በጣም ይቅርታ እንጠይቃለን። አንድ ነገር ይተባበሩን» አለኝ። «ይህንኑ ሁሉም እንዲያውቀው ግሩፑ ላይ ይጻፉልን።»

ሻይ ጋበዙኝ። ዲውቲውን ያቺው ባለ ሽምግልናዋ ተመልሳ ያዘችው፤ ሽምግልናው ያለ እርሷ አለፈ፤ እኔን ያየችኝ ዓይን እስካሁን አይረሳኝም። ቺፉን «ለምን በቴሌግራም?» ብዬ ጠየቅኩት። አልተቆጣም። የዋርዱ የውስጥ ስልክ አንዱ ተበላሽቷል፤ ሌላው ነርሶች ጋ ነው፤ ኢንተርን ከዋርድ ዋርድ ስለሚዞር በአንድ ስልክ አይገኝም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን የሚያነብ የለም። ከሆስፒታሉ የተሰጣቸው ሌላ መገናኛ የለም፤ ስልኩም፣ ዳታውም፣ ባትሪውም የራሳቸው ነው።

ቴሌግራም ሲዘጋስ? አንደኛው ልጅ ሳቀ። በየካቲት 2015 ማኅበራዊ ሚዲያው ተገድቦ አምስት ወር ገደማ ሲቆይ ተማሪ ነበር፤ ሁሉም በቪፒኤን ነው የሚገባው። ቪፒኤኑ ባትሪ ስለሚጨርስ የዋርዱ ሶኬት ሁሉ በስልክ ተያዘ፤ ሲስተር መጥታ ትነቅላለች፤ እነርሱ ይሰካሉ። በሰኔ 2012 ኢንተርኔቱ ጭራሽ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ ደግሞ ታላላቆቻቸው ወደ ተላላኪ ተመልሰው እንደነበር ሰምተዋል፤ ያውም በኮሮና ወቅት። የእኔ ድሬሰር ቢሰሙ ይስቁ ነበር።

ቺፉ ላይ ብይን መስጠት ይከብዳል። ሆስፒታሉ ላይ ግን አይከብደኝም። ልጆቹ በኪሳቸው ገንዘብ ያቆሙትን መገናኛ ተቋሙ ጠዋት ጠዋት ይጠቀምበታል፤ ስብሰባ ይጠራበታል፤ ተረኛ ይመድብበታል፤ ማን ገባ ማን ወጣ ሲባል ግን «የግል ግሩፕ ነው» ይላል። የግል ከሆነ የእትዬ እንጀራ ካርድ እዚያ ምን ይሠራል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃን በተለየ ጥንቃቄ ከሚያዙት ወገን መድቦታል፤ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ በኢንተርኖቹ ግሩፕ ውስጥ ተለጥፎ አላየሁም፤ እኔ ውስጡ ሳለሁ ማለቴ ነው።

እኛ ብቻ አይደለንም። በስኮትላንድ የላናርክሻየር የጤና አገልግሎት ሠራተኞች፣ ሃያ ስድስት ናቸው፣ ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በዋትስአፕ ግሩፕ የታካሚዎችን መረጃ ከ500 ጊዜ በላይ አስገብተው ተገኝተዋል። በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለጤና አገልግሎቱ ተግሣጽ ሰጠ። ሠራተኛ ያልሆነ ሰው በስሕተት ግሩፑ ውስጥ ተጨምሮ ነበር፤ የሙያ ባልደረባዬ ነው! በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ከፍተኛ ባለሥልጣናት ስለ የመን ጥቃት ሲመካከሩ የ«ዘ አትላንቲክ» መጽሔት ዋና አዘጋጅ በሲግናል ግሩፕ ውስጥ ገብቶ ሲያነብ ነበር። እርሱ ጦርነት ደረሰው፤ እኔ ፖታሲየም። የእንግሊዝ ጤና አገልግሎት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መተግበሪያውን አልከለከለም፤ ሌሊቱን ያውቁታል ማለት ነው። ስልካችሁን በይለፍ ቃል ዝጉ፤ መልእክቱ በተዘጋ ስልክ ፊት ላይ አይታይ፤ የተወሰነውን ካርዱ ላይ ጻፉና ከስልኩ አጥፉ ነው ያለው። ይህ ምን ወጪ አለው? ስሙን በአውራ ጣት ሸፍኖ ፎቶ ማንሣትስ?

ባለ ስሟን ልጅ ያገኘኋት በነርሷ በኩል ነው። ለወሊድ ትምህርቷን ለጊዜው አቋርጣ ድሬዳዋ ባሏ ዘንድ ሄዳለች፤ ስልኳ እዚያ ጠፋ፤ አዲስ ቁጥር አወጣች፤ አሮጌው ተረሳ። ደውላ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ደነገጠች፣ ቀጥሎ «ጋሼ፣ የግል መልእክቴን አንብበዋል?» አለችኝ። «የሽምግልናውን ብቻ» አልኳት። ከዚያ በስልክ እየመራችኝ ከየግሩፑ አንድ በአንድ ወጣሁላት። መጨረሻ ላይ አካውንቱን ላጠፋው ስል ጮኸች።

«ቆይ ቆይ! ሃሪሰኑን ይላኩልኝ!»

ሃሪሰን ማለት የውስጥ ደዌ መጽሐፍ ነው፤ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየታደሰ የሚታተም፤ ለትራስም የሚከብድ። ከእርሱ ጋር የስድስት ዓመት ማስታወሻዋን፣ ያለፉ ፈተናዎችን፣ የልጇን የመጀመሪያ ሳቅ ቪዲዮ ሁሉ ላክሁላት። አጠፋሁት። በራሴ ስም፣ በራሴ ሽበት ፎቶ እንደገና ተመዘገብኩ። ያን ዕለት ማታ ቁጥሩ በስልካቸው ላይ ለነበረ ሁሉ «ቴሌግራም ጀምራለች» የሚል ማሳወቂያ ደረሰው። ጠዋት ስነሣ «ኢንተርን ኦል» ውስጥ አስገብተውኛል፤ «እንኳን ደህና መጣሽ» ከሚል አበባ ጋር። ያስገባኝ ሻይ የጋበዘኝ ያው ኪስ አልባ ጋውን ነው። ወጣሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ቁጥር የምትቀይር ከሆነ አሮጌውን ሲም ከመጣልህ በፊት የቴሌግራምህ ማስተካከያ ውስጥ ገብተህ «ቁጥር ቀይር» የሚለውን ተጫን፤ እዚያው የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚለው ላይ የይለፍ ቃል አድርግበት። የሻይ ጊዜ እንኳን አይፈጅም። ቺፍ የሆንክ እንደሆነ ደግሞ ዛሬ ማታ የግሩፕህን ስም ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አንብበው፤ ማን እንደሆነ ያላወቅከውን አስወጣ፤ ከዚያ የእትዬን ካርድ ፎቶ አጥፋልኝ።